ደጅ የቆመው ሰሚና የስልኩ ቆጣሪ

ነሐሴ 16 ፆመ ፍልሰታ ሲፈታ በዋግ ኽምራ የሰቆጣ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው፣ ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ ያስራሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከበሮው ሲፈጥን ወገብ ይፈጥናል፣ ቅጠሉም አብሮ ይወዛወዛል። የቤቱ ባለቤት ደጁ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ግጥሙ ደርሶ ልቡን ከነካው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ልጆቹ መርቀው ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ።

እዚህ የሚሸልመው ራሱ የሰማው ሰው ነው።

ዛሬ ያው ጨዋታ በስልክ ተቀርጾ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። እዚያ ደጅ ላይ የሚቆመው ቆጣሪ ነው። ላይኩን፣ እይታውን፣ ሼሩን ይደምራል፤ ብዙ የተቆጠረለትን ለብዙ ሰው ያሳያል፤ ለብዙ ሰው የታየ ደግሞ መልሶ ብዙ ይቆጠርለታል። ቆጣሪው ግጥም አይሰማም። የሚያውቀው ጣት የት እንደነካ፣ ዓይን ስንት ደቂቃ እንደቆየ ብቻ ነው።

ቁጥር የሰውን ጆሮ ምን ያህል እንደሚመራ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች 48 ያልታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲያወርዱ አደረጉ። የተወሰኑት ምንም ቁጥር ሳያዩ በጆሯቸው ብቻ መረጡ። የቀሩት በ8 ቡድን ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ዘፈን በገዛ ቡድናቸው ስንት ጊዜ እንደወረደ እያዩ መረጡ። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ አሸናፊው ግን ከቡድን ቡድን ተለያየ። በአንዱ ቡድን 1ኛ የወጣ ዘፈን በሌላው 40ኛ ሆኗል። እጅግ ጥሩው ብዙ ጊዜ አልወደቀም፣ እጅግ ደካማውም ብዙ ጊዜ አልተነሣም፤ መሐል ያለውን ትልቁን ክፍል ግን መጀመሪያ የመጡት ጥቂት አድማጮች ወሰኑለት።

ኩባንያዎቹም ችግሩን ያውቁታል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ ቪዲዮ የሚያስቀድመው በዋናነት በእይታ ብዛት ነበር። ሰው በአጓጊ ርእስና ፎቶ ተስቦ ይከፍታል፤ የተባለውን ሲያጣ ይዘጋል፤ እይታው ግን ተቆጥሯል። በዚያ ዓመት መለኪያው ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ወደሚቆይበት ጊዜ ዞረ። የተሻለ መለኪያ ነው። ቢሆንም ዛሬም በቀይ ቀስት የተወጋ ፎቶና «ሰበር» የሚል ርእስ ከገበያው አልጠፋም።

ገንዘቡ ላይ ሲደረስ በሩ ይጠብባል። ከረጃጅም ቪዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ ሊካፈል የሚሻ የዩቲዩብ ቻናል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ሰዓቱ በደቂቃ 240,000 ነው። 4 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ያላት ልጅ እዚያ የምትደርሰው ዘፈኗ 60,000 ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲታይላት ነው።

ልጅቷ በአማርኛ ከዘፈነች መንገዱ ሩቅ ቢሆንም የሚሞከር ነው። በኽምጥኛ ከሆነስ? ኽምጥኛ የዋግ አገው ቋንቋ ነው፤ የአዊኛ፣ የቅማንትኛና የብሌንኛ ዘመድ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ በጠቅላላው፣ ሕፃኑም አማርኛ ብቻ ተናጋሪውም ተደምሮ፣ ከ400 ሺህ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ በኽምጥኛ ዘፈን ሥር የሚታየው ትንሽ ቁጥር ስለ ድምጿ ጥራትም ሆነ ስለ ግጥሙ ብስለት የሚናገረው ነገር የለም። የሚለካው የቋንቋውን ስፋትና የኔትወርኩን ጉልበት ነው። ይህን ቁጥር አይቶ «ሰው አልወደደውም» ማለት ዘፋኟን መበደል ነው።

እስከ ነሐሴ 21 ግን ልጆቹ ከበሯቸውን ይዘው ይዞራሉ። ደጅ የቆመው ሰው ከእሱ በፊት ስንት ቤት እንደሸለማቸው አያይም። አውጪዋ ስትጀምር ጠጋ ብሎ ግጥሙን ያዳምጣል።