ጭሱ የት ሄደ? ስለ ኢታኖል፣ ስለ ባትሪና ስለ "ንፁህ" ነዳጅ



ባለፈው ተርም ለክፍሌ ተማሪዎች በሰጠሁት የሳይንስ ፈተና ላይ እንዲህ የምትል የእውነት/ሐሰት ጥያቄ ነበረች፦ "የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አየርን አይበክልም።" እኔ ያዘጋጀሁት መልስ "እውነት" የሚል ነበር። አንድ ተማሪ "ሐሰት" ብሎ ጻፈ፤ እኔም ኤክስ አድርጌበት አለፍኩ። ልጁ ግን ወረቀቱን ይዞ እረፍት ሰዓት ላይ መጣ።

"ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ባትሪ የሚሞላው በጄኔሬተር ነው። ጭሱ ከሞተሩ ላይ ጠፋ እንጂ ከሱቁ ጀርባ አለ። የእኛ ቤት መስኮት ደግሞ እዚያው ነው። ትንሿ እህቴ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ታዲያ ጭሱ የት ሄደ?" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት፤ ያልጨረስኩት ትምህርት እንዲህ ባለ ቀን ነው ትዝ የሚለኝ። ቢሆንም ማታ ቁጭ ብዬ ጉዳዩን ከመጀመሪያው አሰብኩበት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ውጤት ነው። በአማራጭ ነዳጅና በንፁህ መጓጓዣ ዙሪያ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

1. ከቤንዚን እንጀምር

ቤንዚንና ናፍጣ ከምድር ውስጥ ከሚወጣ ድፍድፍ ዘይት ነው የሚጣሩት። ዘይቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከሞቱ ጥቃቅን የባሕር ሕይወት ያላቸው ነገሮች የተሠራ ነው። ዋናው ይዘቱ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ውሃ ይሆናል።

ተማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርም አንድ ስሌት አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሚዛን ላይ ቢወጣ ወደ 0.75 ኪሎ ነው። ሲቃጠል ግን ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እንዴ! ከየት መጣ? የተጨመረው ከአየሩ የተወሰደው ኦክስጅን ነው። በሊትሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ወደ 0.63 ኪሎ ይሆናል። የካርቦን አቶም ክብደት 12 ነው፤ ሁለት ኦክስጅን ሲጨመርበት 44 ይሆናል። 0.63ን በ44 አባዝታችሁ ለ12 ብታካፍሉ ውጤቱ 2.3 ነው። ካልኩሌተር እንኳ ሳያስፈልግ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓለምን ያሞቃል እንጂ እዚያው መንገድ ዳር ያለውን ሰው አያስለውም። የሚያስሉት ሌሎቹ ናቸው፦ ጥላሸት፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ከናፍጣው ድኝ የሚመጣ ጋዝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ስለዚህ "ንፁህ ነው" ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ለማን ነው የሚለው ነው። ለዓለም አየር ነው? ወይስ ለጎረቤት ሳንባ? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

2. ነዳጅ ራሱ ሊፀዳ ይችላል

ብዙዎቻችን ንፁህ መጓጓዣ ሲባል አዲስ መኪና ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በሕዝብ ጤና ላይ ትልቅ ለውጥ ካመጡት እርምጃዎች አንዱ አዲስ መኪና አልጠየቀም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሞተር እንዳይንኳኳ ተብሎ ቤንዚን ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ይጨመር ነበር። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መጀመሪያ ላይ ሊድ ያለበትን ቤንዚን አቆሙ። በዓለም ላይ መኪና ላይ መጠቀም ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ይህም በ2021 ነው።

የናፍጣም ነገር እንዲሁ ነው። ኬንያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2015 በናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደውን ድኝ ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ እንዲሆን አድርገዋል። ለውጡ በማርሚታ ሳይሆን በማጣሪያው ፋብሪካና በሕጉ ነው የመጣው።

3. ኢታኖል፦ የአረቄ ዘመድ

ኢታኖል ማለት እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ጠላ ሲጠነሰስ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። አረቄ ሲወጣ ደግሞ የፈላው ጥንስስ ይሞቅና እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣል። የኢታኖል ፋብሪካ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በትልቅ ማማ ውስጥ ደጋግሞ መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ እስከ 95 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከቤንዚን ጋር ለመቀላቀል ግን ከ99 በመቶ በላይ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ ተለይቶ ታንከሩ ሥር ይዘቅጣል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የዋለው ሞላሰስ ነው፤ ከሸንኮራ ስኳሩ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ማለት ነው። በምዕራብ ኦሮሚያ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ተደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብራዚል ደግሞ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1975 ትልቅ የኢታኖል ፕሮግራም ጀምራ ዛሬ እዚያ የሚሸጠው ተራ ቤንዚን ከሩብ በላዩ ኢታኖል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኢታኖል ንፁህ ነው ወይ? የሚገርመው፣ ለአንድ ዓይነት ጉልበት ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ ጋር ሊቀራረብ ጥቂት ነው የቀረው። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚያወጣው ጋዝ ወደ 1.5 ኪሎ ነው፤ ጉልበቱ ግን የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ካርቦኑ የመጣበት ቦታ ላይ። የሸንኮራው ካርቦን አምናና ካቻምና ከአየር የተወሰደ ነው፤ ሲቃጠል ወደነበረበት ይመለሳል። የቤንዚኑ ግን ከመሬት ሥር ተቀብሮ የኖረ ነው፤ ሲቃጠል በአየሩ ላይ አዲስ ጭማሪ ነው። የተበደሩትን መመለስና የተቀበረ አውጥቶ መበተን ይለያያሉ። እርግጥ ለሸንኮራው ማዳበሪያ፣ ለትራክተሩ ናፍጣ፣ ለፋብሪካው እሳት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ከጥቅሙ ላይ ይቀነሳል።

4. አንዱ ሊትር ለመኪና ወይስ ለምድጃ?

ይህ ክፍል እኛን ስደተኞችን በቀጥታ ይነካል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የኢታኖል ምድጃ ለቤተሰቦች ተሰጥቶ ነበር። ሥራውን የመራው ጋያ የሚባል ማኅበር ነው። በምድጃው ጣሳ ውስጥ አልኮሉን የሚመጥ ነገር ስላለ ቢገለበጥ እንኳ አይደፋም። ለዚህ 99 በመቶ አያስፈልግም፤ ትንሽ ውሃ ያለበት ኢታኖልም ይነዳል። ጥላሸት የለውም፣ ድስት አያጠቁርም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴቶች ማገዶ ፍለጋ ርቀው እንዳይሄዱ ያደርጋል። ማገዶ ፍለጋ ከካምፕ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ካኩማ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያጣላን ግማሹ ነገር እንጨት ነው።

ነገር ግን አንድ ሊትር ሁለት ቦታ አይነድም። ኢታኖሉ ለመኪና ሲፈለግ ለምድጃ የሚተርፈው ያንሳል። በመኪና ታንከር ውስጥ 10 በመቶ ኢታኖል ሲገባ ቤንዚኑን በመጠኑ ይተካል። ያው ሊትር ግን በምድጃ ውስጥ አንድ ቤተሰብን ከአንድ ቀን ጭስ ያድናል። የቱ ይበልጣል? የውጭ ምንዛሪ የሚያስጨንቀው ሰው መልስና ልጇ የምታስል እናት መልስ አንድ አይሆንም። እኔ ለእናትየዋ አደላለሁ፤ እናንተ ተከራከሩበት።

ከዘር ስለሚወጣ ዘይትም ባጭሩ ልጨምር። በ2000ዎቹ ጃትሮፋ የሚባለው ተክል በደረቅ መሬት በቅሎ ናፍጣ ይተካል ተብሎ ብዙ ተወራ። ተክሉ በድርቅ አይሞትም፤ ውሃ ካላገኘ ግን ፍሬውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለተክሉ ውሃ ካለህ ደግሞ ምግብ ብትዘራበት አይሻልም ወይ? የቱርካና ሰው ይህን ያለ ፕሮፌሰር ይነግርሃል።

5. ባትሪ፦ ጭሱ የት ሄደ?

የኤሌክትሪክ ሞተር ጥሩ ነገሩ ጉልበት አለማባከኑ ነው። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ውስጥ ጎማው ላይ የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢሆን ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪው ውስጥ ካለው 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይጠቀማል።

አሁን የተማሪዬን ጄኔሬተር እናስላ። የናፍጣ ጄኔሬተር ከ100 እጅ ጉልበት ወደ 30 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ከዚያ ላይ ባትሪና ሞተር 80 በመቶውን ያደርሳሉ። 30 ሲባዛ በ0.8 ስንት ነው? 24። ማለትም ከቤንዚን ቦዳ ቦዳ ጋር እኩል ሆነ! ልዩነቱ ጭሱ ከመንገድ ተነሥቶ መስኮት ሥር መቀመጡ ነው። ልጁ ልክ ነበር።

ምንጩ ሲቀየር ግን ሁሉ ነገር ይቀየራል። ባትሪው በፀሐይ ሰሌዳ ቢሞላ ጭስ የለም፤ ፀሐይ ደግሞ እዚህ በነፃ ነው። ኬንያ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ነው። ኦልካሪያ ላይ ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት አለ፤ ከቱርካና ሐይቅ ማዶ ደግሞ 365 የነፋስ ማማዎች ቆመዋል፤ አቅማቸው ወደ 310 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ ናይሮቢ ውስጥ ባትሪ እየቀያየሩ የሚሄዱት የኤሌክትሪክ ቦዳ ቦዳዎች በእርግጥም ከቤንዚኑ ይሻላሉ። ያው ሞተር በጄኔሬተር ሲሞላ ግን ሌላ ነገር ነው።

በኢትዮጵያም ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል የውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ፤ ዋናው ምክንያት ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው ዶላር ነው። 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር አልቋል ማለት አይደለም። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ ባትሪ መሙያም በየከተማው አልተዳረሰም።

6. አራት ጥያቄዎች

ከዚህ በኋላ ክፍሌ ውስጥ "ንፁህ ነው ወይስ አይደለም?" ብዬ አልጠይቅም። ይልቅ ስለማንኛውም ነዳጅ እነዚህን አራቱን እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ሲመረት ምን ተቃጠለ? ሦስተኛ፣ ሲሠራ የሚወጣውን ማን ይተነፍሰዋል? አራተኛ፣ ያው ነገር ለሌላ ምን ሥራ ይውል ነበር?

ጥንቃቄ

ለምድጃ ወይም ለመኪና የተዘጋጀ ኢታኖል በፍጹም አይጠጣም። እንዳይጠጣ ተብሎ መርዛማ ነገር ይጨመርበታል፤ ሜታኖል ካለበት ያሳውራል፣ ይገድላል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጄኔሬተር በቤት ውስጥም ሆነ በመስኮት ሥር አይነሣ። አሮጌ የመኪና ባትሪ አትስበሩ፣ አታቅልጡም፤ ከቤንዚን ያወጣነውን ሊድ በእጃችን ወደ ልጆቻችን መመለስ ይሆናል።

ለክፍል ውይይት

ሀ) አንድ ቦዳ ቦዳ በቀን 3 ሊትር ቤንዚን ቢጨርስ በወር ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል?
ለ) ባትሪው ግማሹ በፀሐይ፣ ግማሹ በጄኔሬተር ቢሞላ የፈተናው መልስ ምን ይሆናል?
ሐ) በወር 30 ሊትር ኢታኖል ብቻ ቢመጣ ለማን ትሰጣላችሁ? ምክንያታችሁንስ?

በመጨረሻ፣ የተማሪዬን ኤክስ ሰርዤ ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ፤ ክፍሉ ፊትም ተሳስቼ እንደነበር ተናግሬአለሁ። የሱቁን ባለቤት ሁለታችን ሄደን አነጋገርነው፤ ጄኔሬተሩን ወደ ደረቁ ወንዝ በኩል አዞረልን። ጭሱ አልጠፋም፤ ከመስኮቱ ግን ራቀ። ለዛሬው ይኸው ነው።

ቸር ይግጠመን።

የሳይንስ መምህር፣ ካኩማ