ባለ ተራውና እንግዳው፤ የበዓል ማዕዳችን ታሪክ

መስከረም ጠብቶ መስቀል ሲቃረብ በሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ ወዳለችው ዱራሜ የሚያደርሰው መንገድ በተመላሽ ልጆችዋ ይሞላል። ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የሄደው ሁሉ፣ የሚቻለው ከሆነ፣ በዚያን ቀን ከወላጆቹ ማዕድ መቅረት አይወድም። ከምባታዎች በዓሉን መሳላ ይሉታል፤ ጎረቤቶቻቸው ሀድያዎችም በዚሁ ወራት ያሆዴን ያከብራሉ። እመቤቶች ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ በየተራ እያዋጡ ከብዙ ጊዜ አስቀድመው ያጠራቅማሉ፤ አባወራዎች ለበሬ መግዣ ገንዘብ አዋጥተው ለቅርጫ ይሰናዳሉ፤ እንሰቱም ተፍቆ ቆጮውና ቡላው ለበዓሉ ይደርሳል።

ነገር ግን በቅርጫው ድርሻ የሌለው ድኻ፣ በዊጆው ያልገባች መበለት፣ ልጁ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድዶ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ በዚያን ቀን የት ይቀመጣሉ? ክርስቲያን ቤተ ሰብ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ስድስተኛ ምዕራፍ እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለት ዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሥቶ ነበር። ሐዋርያትም ነገሩን አቃልለው አላለፉትም። እስጢፋኖስን የመሰሉ ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ለማዕድ አገልግሎት ሾሙአቸው። እንግዲህ እንጀራን በእኩልነት ማደል በጸሎትና በአንብሮተ እድ የተሰጠ ሥራ መሆኑን ከዚህ እናስተውላለን።

በቆሮንቶስ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሣ። ባለጠጎቹ ያመጡትን ቀድመው በልተው ይጠግቡ ነበር፤ ዘግይቶ የሚመጣው ድኻ ግን ተርቦና አፍሮ ይቀመጥ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ዐሥራ አንደኛ ምዕራፍ ስለዚህ አጥብቆ ገሠጻቸው። ምግብ ሳይጠፋ ድኻውን ማሳፈር የማዕዱን ትርጉም የሚያፈርስ ነውና።

ይህ የፍቅር ማዕድ በግሪኮቹ ቋንቋ አጋፔ ይባል ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ አጋፔ በቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳይደረግ በቀኖናው ከለከለ። ድኾችን መመገብ ግን አልቀረም። በዚያው ዘመን በቂሳርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ሰብኮ፣ የተራቡትን ሰብስቦ እንዲመገቡ አድርጓል።

በአገራችን ይህንን አገልግሎት የያዙልን ሰንበቴና ማኅበር ናቸው። ማኅበሩ በአንድ ጻድቅ ወይም በአንዱ መልአክ ወይም በእመቤታችን ስም ቆሞ በየወሩ በአባሎቹ ቤት ይሰበሰባል፤ ጽዋውን ዛሬ የተረከበ ሰው በሚመጣው ወር ደጋሽ ይሆናል። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በሰንበቴ ቤት ይደረጋል። ባለ ተራው እንጀራውን፣ ወጡንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ጸሎት አድርጎ ይባርካል፤ ሙሴ የሚባለው አለቃ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ አባሉም መንገደኛውም ነዳያኑም ከዚያው ይቋደሳሉ። የሚያስተናግደው ሁሉ ደመወዝ የለውም፤ ዋጋው በረከት ነው።

የሰንበቴን ጥበብ ለመረዳት ከቤተ መንግሥቱ ግብር ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ በታላቁ አዳራሽ በበዓላት ቀን ብዙ ሺህ ሰው እያፈራረቁ ያበሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያ ግብር ታላቅ ቸርነት ቢሆንም አንድ አብይና ብዙ ተመጋቢዎች የሚገኙበት ነበር፤ ሰውም በየማዕርጉ ይቀመጥ ነበር። በመስከረም 1967 ዓ. ም. የዘውዱ መንግሥት ሲወድቅ የቤተ መንግሥቱ ግብርም አብሮ ቀረ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያንንም መሬትዋን አሳጣት። ሰንበቴ ግን አልቀረም፤ ከርስትና ከጉልት ገቢ ያልተሠራ፣ ከየቤቱ በተራ በሚመጣ መሶብ የቆመ ነውና።

የከምባታን ምድር ስንመለከት ይህ ሥርዓት የተዘጋጀ መሬት አግኝቷል ብንል አልተሳሳትንም። በየተራ ማዋጣትን የዊጆ እመቤቶች ያውቁታል፤ በእኩል መከፋፈልንም ቅርጫው አስተምሯል። በሰሜን ያለችው ሌላዪቱ ከተማ፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ ዛሬ ሆሳዕና ተብላ በበዓል ስም ትጠራለች። በዱራሜና በአካባቢዋ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ናቸው፤ ካቶሊካውያንም አሉ። በእምነት ሥርዓት ብንለያይም በመሳላ ቀን የጎረቤቱን ደጅ የማያንኳኳ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በእኛ ደጅ ያለው ማዕድ የሚጠይቀው የተራበ መሆንን እንጂ የየት ምእመን መሆንን አይደለም።

የጾም ሥርዓታችንም ለዚህ ማዕድ እንቅፋት አይሆንበትም። መስቀል ረቡዕ ወይም ዐርብ ሲውል፣ በ2017 ዓ. ም. ዐርብ ቀን እንደ ዋለው ሁሉ፣ ክትፎውና ቅቤው እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ቆጮው ከጎመን ጋራ፣ እንጀራውም ከሽሮ ጋራ ይቀርባል። እንዲያውም በዚያን ቀን ሥጋ የሌለው ድኻና በሬ የጣለው ባለጠጋ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ።

በ2012 ዓ. ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ማዕድ ማጋራት የሚለው ቃል በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ሰውም እህልና ዘይት እየያዘ የድኾችን ደጅ ጎበኘ። ይህ መልካም ሥራ ነበር። ዳሩ ግን መሰብሰብ በተከለከለበት በዚያ ወራት ሆድ ቢጠግብም አብሮ የሚቀመጥ ሰው መናፈቅ እንደማይቀር ሁላችን ተምረንበታል። በአጥር በር ላይ የሚሰጥ ትራፊ ረኃብን ያስታግሣል፤ ድኻውን ግን እንግዳ አያደርገውም።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ምክራችን ቀላል ነው። ለበዓሉ ስታስቡ ከቅርጫው አንዱን መደብ አስቀድማችሁ ለሰንበቴው ለዩ፤ ከበላችሁ በኋላ የተረፈውን አትጠብቁ። ልጆቻችሁን ውኃ እንዲቀዱ፣ እንጨት እንዲፈልጡ፣ እጅ እንዲያስታጥቡ ላኳቸው፤ በትንሽነቱ እንግዳን ያላስታጠበ ልጅ አድጎ በሰንበቴ ተራ መግባት ይከብደዋልና። ከሩቅ አገር የመጡ ልጆቻችሁም ገንዘብ ሰጥተው ብቻ አይመለሱ፤ አንድ ቀን ቆመው ያስተናግዱ። ከሁሉ ይልቅ ድኻው የሚችለውን ያህል ይዞ እንዲመጣ ፍቀዱለት። አንዲት መበለት ጥቂት ጎመን ይዛ ብትገባ እርስዋም በዚያን ቀን ባለ ተራ ናት፤ የማንም ተመጽዋች አይደለችም።

ዛሬ የምናስተናግድ ሰዎች ነገ እንግዶች እንሆናለን፤ ሕይወትም ተራ ነውና። በዕለተ መስቀሉ በአንድ ማዕድ የሰበሰበን አምላክ፣ በሰማያዊው ማዕድም ባለ ተራውንና እንግዳውን ሳይለይ ይሰብስበን። አሜን።