ጎረቤትን የዘለለ ትምህርት

መስከረም 17 ሲቃረብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ውስጥ 18 ማዞሪያ ላይ ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ባለሱቆቹ መስቀልን ከዘመድ ጋር ሊያከብሩ ጉራጌ አገር ይገባሉ፤ ልጆቻቸውም አብረው ይሄዳሉ። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሳምንታት ስለሆነው መምህሩ ስም ሲጠራ «አገር ቤት ሄዷል» የሚለው መልስ ይበዛል። ለአረፋ ደግሞ ተራው የስልጤና የሙስሊም ጉራጌ ልጆች ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓሉ የሚውለው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ የዓመቱ ፈተና በሚቃረብበት ሰሞን ስለሆነ፣ ወላጅ በዘመድና በደብተር መካከል ይጨነቃል።

ልጁ ተመልሶ ሲመጣ የሚጠየቀው ያመለጠውን ማስታወሻ ነው። ያየውን የሚጠይቀው የለም። አተካና የተባለው የመስቀል ምግብ ሲሠራ ቅቤው እንዴት እንደሚነጠር፣ ሽማግሎች የተጣሉ ወንድማማቾችን ከበዓሉ በፊት እንዴት እንዳስታረቁ፣ አያቱ በየትኛው ቋንቋ እንደመረቁት፣ ይህ ሁሉ ለክፍሉ ሳይነገር ይቀራል። ከጎኑ የተቀመጠችው፣ ቤተሰቧ ከጎጃም ወይም ከቡራዩ የመጣ ልጅ፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ተምራ ትወጣለች። ስድስት ዓመት አንድ ወንበር የተጋራችው ልጅ በቤቱ ምን ቋንቋ እንደሚናገር ግን አታውቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ከጥንቱም ዓለምን ለማስተማር አልሰነፈም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግብፃውያን መምህራን አስመጥቶ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ያስተምር ነበር። አማርኛና ግዕዝም ነበሩበት። የተቀሩት የአገሪቱ ቋንቋዎች ግን ከግቢው ውጭ ቀሩ። በር የተከፈተው ለሩቁ ነበር።

ለቅርቡ በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው፤ ሲከፈትም ከላይ በመጣ ትእዛዝ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል እየጻፈ አስተማረ። ደርግን የምንወቅስበት ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ ይህ ግን መልካም ሥራ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገው። በክልል ከተሞችና በገጠር ብዙ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱ በምትናገርበት ቋንቋ ማንበብ ተማረ።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ተወሳሰበ። የከተማዋ ትምህርት በአማርኛ ሆኖ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። ቤቱ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት የኮልፌ ልጅ የቤቱን ቋንቋ በር ላይ አስቀምጦ ነበር ወደ ክፍል የሚገባው። የኋላ ኋላ በከተማዋ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በአማርኛ የሚማሩትም አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መማር ጀመሩ። እኔ ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። ኮልፌ ከቡራዩ ጋር ድንበር ትጋራለች፤ ገበሬው ምርቱን ይዞ በየቀኑ ይገባል። የጎረቤቱን ቋንቋ የሚችል ልጅ የሚያተርፈው እንጂ የሚያጣው የለም።

ታዲያ ምን ሆነ? በ2015 ዓ.ም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በአንዳንድ የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራ መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ግጭት አስነሣ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ተማሪዎች ተጎዱ፣ ታሰሩም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስለ ጉዳዩ መግለጫ እስከማውጣት ደረሰ። ወላጅ ልጁን ሸኝቶ ስልኩን በእጁ ይዞ የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። በእኔ ግምት ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም። ቋንቋው በቂ መምህርና በቂ መጽሐፍ ሳይቀድመው፣ ወላጅም ቁጭ ብሎ ሳይመከርበት፣ ባንዲራው ቀድሞ ግቢ ገባ። ልጆችም ቋንቋውን ገና ሳይቀምሱት የፖለቲካ ወገን ምልክት አድርገው አዩት።

ሌላው ልማዳችን ኅዳር 29 ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ልጆች በኪራይ የመጣ የባህል ልብስ ለብሰው በሰልፍ ግቢ ይዞራሉ፤ ይጨፍራሉ። ደስ ይላል፤ ልጅም ይደሰትበታል። ነገር ግን የጋሞን ልብስ የለበሰችው ልጅ ዶርዜዎች ስለሚሠሩት የሽመና ሥራ፣ የአፋርን የለበሰው ልጅ ስለ አርብቶ አደር ኑሮ በማግስቱ ምን ይማራል? ልብሱ ለአከራዩ ይመለሳል፤ ጉዳዩም እስከ ከርሞ ይዘጋል።

ኮልፌ ግን ለልጆቿ የምታስተምረው ከዚህ የሚሻል ትዝታ አላት። በ1954 ዓ.ም ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ነበር። የስድስት ወሩ ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም ተያዙ። ማንዴላ በዚያው ዓመት ቀደም ብለው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የገጠማቸውን በግለ ታሪካቸው ጽፈውታል። ከካርቱም በኢትዮጵያ አውሮፕላን ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው ደነገጡ። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር አይችልም የሚለው የአፓርታይድ ትምህርት ሳያውቁት በእሳቸውም ውስጥ እንደገባ የተገነዘቡት ያኔ ነው።

በዚያን ጊዜ ግቢውን የሚመሩት ኮሎኔል፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ነበሩ። እኚሁ ሰው መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት መርተዋል፤ ከዚያም በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ግንባር ቀደም ሆኑ። በንጉሡ ዘመን ታሰሩ፣ በ1967 ዓ.ም በደርግ ተገደሉ። የማንዴላ አገር ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በትምህርት ቤት ቋንቋን ለሁለት ክፉ ዓላማ አውላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ጥቁሩን ለይቶ ለማስቀረት ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 ደግሞ አፍሪካንስ በግድ የተጫነባቸው የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ጥይት ጠበቃቸው። ለእኛም ሁለቱም አደጋዎች ሩቅ አይደሉም፤ ልጆችን በቋንቋ አጥሮ መለያየትም፣ ያልተዘጋጁበትን መጫንም።

የ2015ቱ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ሌላ አንድ የአገሩን ቋንቋ እንዲማር ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። የ18 ማዞሪያ ወላጆች ሆይ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ መዋጮ ብቻ አትነጋገሩ፤ ቋንቋውን የሚያስተምረው መምህር የሠለጠነ መሆኑን፣ መጽሐፉም ለልጃችሁ መድረሱን ጠይቁ። መምህራን ሆይ፣ ከመስቀልና ከአረፋ የተመለሰውን ልጅ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥታችሁ ያየውን ለጓደኞቹ እንዲናገር አድርጉት። የኮልፌ ርእሳነ መምህራን ደግሞ ከፖሊስ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ማንዴላ የሠለጠኑበትን ግቢ በዚህ ዓመት ለተማሪዎቻችሁ አስጎብኙ።