ስሙ በማን ኢሜይል ነው?

ደንበኛ ፊት የማንናገረውን ላውራ። ባሌ ውስጥ፣ ሮቤና ጎባ ላይ ለሆቴል፣ ለአስጎብኚ፣ ለማኅበር ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ሥራውን ስናስረክብ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ወረቀት እንሰጣለን። ወረቀቱ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ የገጹ መክፈቻ ነው እንጂ የዶሜይኑ፣ ማለትም የአድራሻው ስም፣ አይደለም። ዶሜይኑ የተመዘገበው በሠሪው ኢሜይል ሲሆን የተከፈለውም ሚኒሶታ ባለ የአጎት ልጅ ካርድ ነው። ተንኮል አይደለም፤ ሁልጊዜ አይደለም ልበል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለዓመታት ጭንቅ ስለነበር፣ «እኔ ልክፈልልህ» ያለው ሰው በመዝገብ ባለቤት ሆኖ ቀረ። ባለሆቴሉ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳተመው ስም የራሱ ይመስለዋል። መዝገቡ ግን አያውቀውም።

ጉዱ የሚወጣው በእድሳት ጊዜ ነው። የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን፣ እንደ ዶት ኮም ያሉትን የሚሸጡ መዝጋቢ ድርጅቶች ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ እንደገና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለቀም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ማስታወሻ እንዲልኩ ያስገድዳል። ይልካሉም። የሚደርሰው ግን ሥራ ቀይሮ አዳማ ለገባው ልጅ ነው፤ እሱ ያንን ኢሜይል ከፍቶ ካየው ቆይቷል። «ራሱ ይታደሳል» የሚለው ምልክት ቢበራም፣ ካርዱ ጊዜው ካለፈበት ከምን ላይ ይቆረጣል?

ገጹ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ስልክ ይደወልልናል። «ሰርቨሩ ተበላሽቷል፣ እየሠራንበት ነው» እንላለን። ይህን ስትሰሙ ጠርጥሩ፤ አንዳንዴ የተበላሸ ነገር የለም፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ነው ያለው። ደግነቱ ዶት ኮምም ሆነ ዶት ኦርግ በዕለቱ አይወሰድም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት፤ ግዴታ ስለሌለበት ቀደም ብሎ ጨረታ ላይ የሚያወጣውም አለ። ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፣ ዋጋው ግን ከተራው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ ማንም የማይነካበት 5 ቀን አለ፤ ከዚያ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ያንን ደቂቃ የሚጠብቁት ደግሞ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዓመታት የቆየ ስም ጎግል ላይ ያጠራቀመው ጎብኚ ስላለው ይፈለጋል፤ ትናንት የበጎ አድራጎት ማኅበር የነበረ አድራሻ ነገ ቁማር ቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለማጽናኛ ያህል፦ ማይክሮሶፍትም ረስቶ ያውቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ የፓስፖርት ዶት ኮምን እድሳት ባለመክፈሉ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት ሲያቅታቸው፣ ማይክል ቼኒ የተባለ ባለሙያ 35 ዶላሩን ከኪሱ ከፍሎ አስከፈተላቸው።

መሥሪያ ቤቶች ጋ ችግሩ ሌላ ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቁት ስሞች፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ናቸው፤ ክፍያው በብር ነው። ዶት ኮም ወይም ዶት ኦርግ የያዘው ቢሮ ግን ሰኔ 30 በጀት ይዘጋበታል፣ አዲሱ እስኪለቀቅ ሐምሌ ይገፋል። ስሙ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኦዲተር የሚቀበለው ደረሰኝ ተፈልጎ፣ 45ቱ ቀን እዚያው ያልቃል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 23 ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም መክፈያ መንገድ አጣ። ከዚያ ወዲህ እኔ ለደንበኛ የማድሰው ለአንድ ዓመት አይደለም፤ እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል።

ባሌ ባለው የዚያራ ሥፍራ፣ ሼክ ሁሴን ላይ የሚሠሩት አስጎብኚዎች ነገር ደግሞ ይለያል። በዓረፋ ለዚያራ የሚመጣው ሕዝብ ድረ ገጽ አይጠይቅም፤ ጫፉ ባላ የሆነ በትሩን ይዞ መንገዱን ያውቀዋል። ድረ ገጹ የሚያስፈልገው ለውጭ ጎብኚና ለዳያስፖራ ነው። ዓረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ የዶሜይኑ ቀን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ በአንዱ ዓመት ሁለቱ መጋጠማቸው አይቀርም፣ ገጹም ሰው በሚፈልገው ሳምንት ይጠፋል። ደግሞ ሼክ ሁሴን በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ጠንቃቃው ነጋዴ አራት አጻጻፍ ይገዛና አራት እድሳት ይሸከማል። እኔ ብሆን ሁለቱን እተዋለሁ። ጥሩ ስም ፈላጊው ግን ሊበዛ ይችላል፦ የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ድሬ ሼክ ሁሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስ ጊዜያዊ ዝርዝር ላይ ናቸው። እነሱም የተመዘገቡ ቀን ጥሩዎቹን ስሞች ማን እንደያዛቸው መጠየቅ ይጀመራል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። የዶት ኮም ጅምላ ዋጋ በ2024 እ.ኤ.አ. 10.26 ዶላር ገብቷል፤ መዝጋቢው የራሱን ይጨምራል፣ እኛም እንጨምራለን። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ የሚሆነው ለማስለመድ ነው። ስለዚህ «የዓመት እድሳት» ብለን በአንድ መስመር ስናቀርብ የሆስቲንጉን፣ የዶሜይኑንና የሠሪውን ድካም ለየብቻ እንድንጽፍ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁንም ዶሜይኑ በማን ስምና ኢሜይል እንደተያዘ ጠይቁ። ሠሪው «እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀህ» ካለ ዛሬውኑ አስቀይሩ፤ ባለቤትነት ሲቀየር ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር ብዙ ጊዜ ለ60 ቀን ይታገዳልና፣ ጊዜው ሊያልቅ ሲል የጀመረ ሰው አይደርስበትም።