የከሚሴ ሰንጋ ዋጋ ከኮምቦልቻ ይጀምራል

በሰንበቴ የእሑድ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ነጋዴ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጥርሱን ያያል፤ ከደላላው ጋር ተከራክሮ ዋጋ ይቆርጣል። በሬው የጋጠው ሣር የት እንደበቀለ፣ የጠጣውም ውኃ በየት በኩል አልፎ እንደመጣ ግን አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ የቆዩት የናሙና ጠርሙስ ይዘው ከወንዝ ወንዝ የሚዞሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ናቸው። ያገኙት መልስ ከነጋዴው ሒሳብ ውጪ ሊሆን የሚገባው አይደለም።

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የተንጣለለው የጨፋ ረግረጋማ መሬት ውኃ የሚያገኘው ከቦርከና ወንዝ ነው። ቦርከና ደግሞ ጨፋ ከመድረሱ በፊት የደሴንና የኮምቦልቻን ፍሳሽ ተቀብሎ ይመጣል። ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የክፉ ቀን መጠባበቂያ

ጨፋ ለከብት ገበያ ምን ማለት እንደሆነ ጎልቶ የታየው በ1994 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር አካባቢውን የጎበኘ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቡድን፣ 50 ሺህ ያህል አርብቶ አደሮችና 200 ሺህ ያህል እንስሳት ከድርቅ ሸሽተው በሸለቆው መጠጋታቸውን ዘግቧል።

የዚህ ትርጉም ለገበያ ሰው ግልጽ ነው። ሣር ያጣ አርብቶ አደር ከብቱ ሳይሞትበት ለመሸጥ ይጣደፋል። ገበያው በከሳ ከብት ይጥለቀለቃል፤ የከብት ዋጋ ሲወድቅ የእህል ዋጋ በአንጻሩ ይወጣል። ከብቱን ጨፋ ላይ ማቆየት የቻለ ሰው ግን ዋጋው እስኪያገግም የመጠበቅ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ረግረጉ የሚሰጠው አገልግሎት ከእህል ጎተራ የሚያንስ አይደለም።

ይሁንና ጎተራው እየተጎዳ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በውኃው ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን እንስሳትና የአካባቢውን አእዋፍ መሠረት አድርገው የጨፋን ጤንነት መርምረዋል። የሰው ጫና በረግረጉ ላይ ጉዳት ማድረሱንም አሳይተዋል።

ፋብሪካ በር ላይ የተለካው

የወሎ ዩኒቨርሲቲው እስክንድር ዝናቡ ለዶክትሬት ትምህርታቸው፣ በኔዘርላንድ ዴልፍት ከሚገኘው የውኃ ትምህርት ተቋም ባልደረቦች ጋር ያካሄዱት ጥናት ደግሞ ወደ ምንጩ ይወስደናል። ቡድኑ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ክረምት በኮምቦልቻ ከአምስት ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፍሳሽና ፍሳሹን የሚቀበሉትን ሁለት ወንዞች መርምሯል። ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል።

በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው የክሮም መጠን መካከለኛ ልኬቱ በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም ነበር። በብረታ ብረት ፋብሪካው ፍሳሽ የተገኘው ዚንክ ደግሞ 155.75 ሚሊ ግራም ደርሷል። ሁለቱም አገሪቱ ከፈቀደችው ወሰን እጅግ የበለጡ ናቸው። በለዮሌ ወንዝ ውስጥ፣ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ቦታ በታች ያለው ክሮም ከላይኛው በኩል ካለው 52 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሥጋ ፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በብረት ማዕድናት ረገድ ከወሰን አላለፈም።

ጥናቱ የተካሄደው በኮምቦልቻ እንጂ በጨፋ ግጦሽ ላይ አይደለም። የከሚሴ ሰንጋ ተመርዟል የሚል መደምደሚያም አይሰጥም። የሚለው ከታች በኩል ለሚገኘው የተፈጥሮ አካባቢ ከፍተኛ ሥጋት መኖሩን ነው። ለነጋዴው ግን ሥጋት ራሱ ዋጋ አለው። የሥጋና የቁም ከብት ገዢ አገሮች የጤና መስፈርታቸውን ባጠበቁ ቁጥር ስለ ውኃው የሚነሳ ጥርጣሬ ከሰንጋው ዋጋ ላይ መቀነሱ አይቀርም።

ያልተከፈለ ሒሳብ

ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ሲለቅ የቆጠበው ገንዘብ ጠፍቶ አይቀርም። ወጪው ከፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ ወደ ከብት አርቢው ኪስ ይዛወራል እንጂ። አርቢው የሚከፍለው በተጎዳ ግጦሽ፣ በታመመ ከብትና በረከሰ ዋጋ ነው።

ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ደንግጓል። የእነ እስክንድር ጥናት ግን ተገቢ ሕግ እያለ ፍሳሹን ለመቆጣጠር ግልጽ እርምጃ አለመወሰዱን፣ በአካባቢ ቁጥጥርና በኢንቨስትመንት ፖሊሲ መካከልም አለመጣጣም መኖሩን አመልክቷል። ኮምቦልቻ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ በመሆኗ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል።

ማጣራት ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለትም አይደለም። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውን ክሮም ከፍሳሹ ለይቶ መልሶ መጠቀም በዓለም ቆዳ ፋብሪካዎች የታወቀ አሠራር ነው። ክሮሙ ዳግም ሥራ ላይ ሲውል ለኬሚካል ግዢ የሚወጣው ገንዘብ ይቀንሳል።

አዋጁ ለነጋዴውም በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንዲችል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለአቤቱታው የሚሆነውን ማስረጃ ደግሞ ተማሪዎቹ በቁጥር አስቀምጠውታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሰንበቴና የባቲ ነጋዴዎች ጥናቱን ከመደርደሪያ ላይ ማውረድ ያለባቸው ገዢ ከመሸሹ በፊት ነው።