ቆዳ ላይ የተነቀሰ አደራ

ንቅሳት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእናቶቻችን አንገትና ድድ ነው፤ አለዚያም በዛሬ ወጣቶች ክንድ ላይ የምናየው ሥዕል። በክርስቲያን ቤት ጉዳዩ ሲነሣ ደግሞ ወዲያው ዘሌዋውያን 19፥28 ይጠቀሳል። ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን ስለሚያደንቁት ንቅሳት ከመናገራችን በፊት «ታቱ» የሚለው ቃል ወደ ተገኘበት ምድር እንሂድ።

ቃሉ የመጣው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከተበተኑት የፖሊኔዥያ ደሴቶች ነው። በታሂቲና በሳሞአ «ታታው» ይሉታል። ካፒቴን ጄምስ ኩክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1769 ታሂቲ ደርሰው ልማዱን ጽፈው ካስተዋወቁ በኋላ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ገባ።

ጌጥ ብቻ አይደለም

በሳሞአ የወንዶች ንቅሳት «ፔአ» ይባላል፤ ከወገብ እስከ ጉልበት ገላን ይሸፍናል። የሴቶቹ «ማሉ» ቀለል ያለ ሆኖ ከጭን እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ስሙም ከለላንና ጥበቃን ያመለክታል።

ነቃሹ ሙያውን ከቤተሰቡ የወረሰ የተከበረ ባለሙያ ነው። ከአጥንት ወይም ከከርከሮ ጥርስ የተሠራ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መሣሪያ ጥላሸት እያስነካ በትንሽ ዱላ ይመታዋል። ፔአን ለመጨረስ ብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሕመሙ ከባድ ስለሆነ ቤተሰብ አጠገቡ ተቀምጦ በዜማ ያበረታታዋል። በጥንቱ ልማድ ሕመሙን የሚካፈል ጓደኛም አብሮት ይነቀስ ነበር። ሕመሙን ፈርቶ ያቋረጠ ሰው ግን ኀፍረቱ ለቤተሰቡም ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? ሳሞአውያን ወደ ሥልጣን የሚወስደው መንገድ አገልግሎት ነው ይላሉ። ፔአ የተነቀሰ ሰው ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን ለማገልገል ራሱን እንደሰጠ ይቆጠራል። በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ ደግሞ ፊት ላይ የሚነቀሰው «ሞኮ» የሰውየውን የትውልድ ሐረግ ይናገራል።

ወንጌል ሲደርስ

ሚስዮናዊው ጆን ዊሊያምስ ሳሞአ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። በደሴቶቹ የነበሩ ብዙ ሚስዮናውያን ንቅሳትን ከጣዖት አምልኮ ጋር አያይዘው ተቃወሙት። በታሂቲ ልማዱ ጠፍቶ እንደገና ያንሠራራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የሳሞአ ሕዝብ ግን ክርስትናን ተቀብሎ ፔአንም ሳይተው ዘለቀ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ክርስቲያን አገር መሆኗን ደነገገች።

ለወላጆችና ለባለትዳሮች

እ.ኤ.አ. በ2013 ናይኪ የፔአን ንድፍ በሴቶች የስፖርት ሱሪ ላይ አትሞ ነበር። የፓሲፊክ ሰዎች ቅር በመሰኘታቸው ኩባንያው ልብሱን ከገበያ አነሣ። ቅሬታው ተገቢ ነበር፤ የወንዶች አደራ የሴቶች ፋሽን ተደርጎ ነበርና።

ስለዚህ ልጃችን ይህን ንድፍ ከኢንተርኔት አምጥቶ «ልነቀስ» ቢለን ከቁጣ በፊት እንጠይቀው፦ «ይህ ምልክት የማን ነው? ምን ይላል? አንተስ በዚህ ምልክት ለማን ቃል ትገባለህ?» ቃሉንም ከፍተን አብረን እናንብብ። በጥያቄ የተጀመረ ውይይት ከቁጣ ይልቅ የልጅን ልብ ይከፍታል።

እኛ ባለትዳሮችስ? ሳሞአዊው ለማገልገል መወሰኑ ከገላው ይነበባል። የእኛ ቃል ኪዳን በቆዳችን ላይ አልተጻፈም፤ የትዳር ጓደኛችንና ልጆቻችን ግን በየዕለቱ ከኑሯችን ያነብቡታል።