የጭነት አሽከርካሪ ዕረፍት በሕግ ሲለካ፦ የአሜሪካ የጉዞ መዝገብ ደንብ ምን ይላል?

ከፎገራ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም የጫነ መኪና ሌሊቱን ተጉዞ ንጋት ላይ ከገበያ እንዲደርስ ገበሬውም ነጋዴውም ይፈልጋሉ። ምርቱ እንዳይበላሽ የሚደረገው ጥድፊያ ግን በአሽከርካሪው ዓይን ላይ ያረፈ ሸክም ነው። በእንቅልፍ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ለ17 ሰዓታት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው ድክመት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ይህን አደጋ በሕግ ለመቆጣጠር ከሚሠሩ አገሮች አንዷ በርካታ ኢትዮጵያውያን በጭነት ማመላለስ ሥራ የተሰማሩባት አሜሪካ ናት።

የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ሰዓት ደንብ ትላልቅ ተሳቢዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ እውነታው ግን ከዚህ ይሰፋል። ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ለንግድ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ከነጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት 4 ሺህ 536 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በደንቡ ሥር ይወድቃል። ልዩ የንግድ መንጃ ፈቃድ በአብዛኛው የሚጠየቀው ክብደቱ 11 ሺህ 794 ኪሎ ግራም ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀላል የጭነት መኪኖች፣ ለምሳሌ በእኛ አገር በስፋት የሚታወቀው ዓይነት አነስተኛ አይሱዙ፣ በመደበኛ መንጃ ፈቃድ ቢነዱም ከሰዓት ገደቡ ነፃ አይደሉም።

የደንቡ ዋና ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። አሽከርካሪው ለ10 ተከታታይ ሰዓታት ካረፈ በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀድለታል። ይህም ሥራ ከጀመረበት አንሥቶ በሚቆጠር የ14 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በድምሩ 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መሪውን መልቀቅ ይኖርበታል። በሳምንት ደረጃ ደግሞ በ7 ቀናት 60 ሰዓት፣ ወይም ድርጅቱ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ በ8 ቀናት 70 ሰዓት በሥራ ላይ ከቆየ በኋላ መንዳት አይችልም። 34 ተከታታይ ሰዓታት ካረፈ ግን የሳምንቱ ቆጠራ እንደ አዲስ ሊጀምርለት ይችላል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የ14 ሰዓቱ ቆጠራ ነው። አንድ አሽከርካሪ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሥራ ጀምሮ፣ ጭነት ሲጠብቅ እስከ 4 ሰዓት ቆየ እንበል። በእነዚህ 4 ሰዓታት ባይነዳም ቆጠራው አልቆመም። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መንዳት አይፈቀድለትም። የቀረው ጊዜ 10 ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ የተፈቀደለትን 11 የመንዳት ሰዓት በሙሉ ሊጠቀምበት አይችልም። የመጋዘን መዘግየት የአሽከርካሪውን የቀን ገቢ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የሚረጋገጠው በጉዞ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቀኑን በአራት ይከፍላል፦ ከሥራ ውጭ፣ በመኪናው መኝታ ክፍል፣ በመንዳት ላይ፣ እንዲሁም ሳይነዱ በሥራ ላይ። ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክስ መመዝገቢያ እንዲጠቀሙ ተደርጓል። በ30 ቀናት ውስጥ ከ8 ቀናት በላይ መዝገብ መያዝ የማይጠበቅባቸው ግን በወረቀት መመዝገብ ይችላሉ።

ለአጭር ርቀት ሠራተኞች ደንቡ ይላላል። ልዩ የንግድ ፈቃድ የማያስፈልገው መኪና የሚነዳ፣ ከመነሻው 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ሳይወጣ በየዕለቱ ወደ መነሻው የሚመለስ አሽከርካሪ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም፤ ከ7 ቀናት በሁለቱ እስከ 16ኛው ሰዓት ድረስም መንዳት ይችላል። ሆኖም አሠሪው የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓቱን መዝግቦ ለ6 ወራት ማቆየት አለበት፤ የ11 ሰዓቱ የመንዳት ገደብም እንደጸና ነው።

ገበሬዎችም ተለይተው ታስበዋል። ግዛቶች በሚወስኑት የመዝሪያና የመሰብሰቢያ ወቅት፣ ምርት ከተጫነበት ቦታ ተነሥቶ በዚያው 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የሚደረግ ማጓጓዝ ከሰዓት ገደቡ ነፃ ነው።

ደንቡ አሽከርካሪውን ከመቆጣጠር ባሻገር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አጓጓዡ፣ ጭነት ላኪው፣ ተቀባዩም ሆነ ደላላው አሽከርካሪውን ሰዓቱን ጥሶ እንዲነዳ ማስገደድ አይችሉም። የተገደደ አሽከርካሪ በ90 ቀናት ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። በአንጻሩ ሐሰተኛ መዝገብ መያዝ የተከለከለ ሲሆን፣ ሰዓቱን ጥሶ የተገኘ አሽከርካሪም እስኪያርፍ ድረስ ከመንገድ ሊታገድ ይችላል።

ደንቡ የሚያስገነዝበው የድካም ተጠያቂነት በሹፌሩ ላይ ብቻ እንደማያርፍ ነው። «ሌሊቱን ግባልኝ» የሚለው ባለንብረትና ጭነቱን አዘግይቶ የሚያስረክበው ላኪም የአደጋው ተካፋዮች ናቸው። ምርቱን በጊዜ አዘጋጅቶ የሚያስጭን ገበሬና ለመንገዱ በቂ ሰዓት የሚሰጥ ነጋዴ ለአሽከርካሪው፣ ለጭነቱና ለመንገደኛው ሁሉ ደኅንነት ድርሻቸውን ይወጣሉ።